የቴአትር የክብር ማኅበር ለጭብጨባ ነው ወይስ ለሥራ?



በተማሮች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቅርቡ ድምፅ የሚሰጥበት አንድ ረቂቅ ደንብ ሰሞኑን በየመኝታ ቤቱ ሲዞር ሰንብቷል። ረቂቁ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ በቴአትር ሥራ የደከሙ ተማሮች የሚከበሩበት፥ ራሱን የቻለ የቴአትር የክብር ማኅበር ይቋቋም። አሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን የረቂቁ አራተኛ አንቀጽ «አባላት በመሥራች ኮሚቴው ምርጫ ይገባሉ» ካለ በኋላ፥ ማን እንደሚመረጥ፥ በምን እንደሚመረጥ፥ ያልተመረጠውም ለማን አቤት እንደሚል አንዲት ቃል አልጨመረም። ይህ አንቀጽ እንዳለ ከጸደቀ ማኅበሩ ከልደቱ ጀምሮ የወዳጆች ማኅበር ይሆናል ብዬ ስለምሠጋ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ «የክብር ማኅበር» ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ ቃሉ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነውና። ልማዱ ያደገው በአሜሪካ ኮሌጆች ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ፋይ ቤታ ካፓ የተባለው ሲሆን በ1776 በዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተማሮች ተመሠረተ (የአሜሪካኑን ዘመን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዛሬ በትምህርታቸው የላቁ ተማሮች ተመርጠው የሚገቡበት ማኅበር ነው። ቴአትር ግን እንዲህ ያለ ክብር ለማግኘት ብዙ ዘመን ጠብቋል። ቴታ አልፋ ፋይ የተባለው የቴአትር የክብር ማኅበር በ1919 ተቋቋመ፤ አልፋ ሳይ ኦሜጋ የተባለውም በ1925 ተከተለው።

የዚህ የኋለኛው ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። መሥራቹ ፖል ኦፕ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ማኅበሩ የተወለደው በሀርቫርድ ወይም በዬል አይደለም፤ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፥ በፌርሞንት ከተማ፥ በዚያን ጊዜ መምህራን በሚሠለጥኑበት አነስተኛ ትምህርት ቤት ነው። በ1929 የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሮች የሚገቡበት ዴልታ ሳይ ኦሜጋ የተባለ እኅት ማኅበር ወጣለት፤ በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሮችም የራሳቸውን አገኙ። ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የአልፋ ሳይ ኦሜጋ ቅርንጫፍ አላቸው። እንግዲህ የክብር ማኅበር ለማቋቋም ትልቅ ስምና ትልቅ አዳራሽ የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ «ካስት» ይባላል፤ ካስት ማለት በአንድ ቴአትር የሚጫወቱት ተዋንያን በሙሉ ማለት ነው። የሹማምንቱም ስም በልማድ ከመድረክ የተወሰደ ነው፤ መሪውን ካስት ዳይሬክተር፥ ምክትሉን ስቴጅ ማናጀር፥ የገንዘቡን ኀላፊ ቢዝነስ ማናጀር ይሉታል። ከመምህራንም አንድ አማካሪ ይኖራል። አባል የሚሆነው ተማሪ በቴአትር ሥራ በቂ ድርሻ እንዳለው መታየት አለበት፤ ለዚህም ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ነጥብ ይቆጥራሉ። የነጥቡን ልክ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደ አቅሙ ይወስናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ነጥቡ ለተዋናይ ብቻ አለመሰጠቱ ነው። መብራት የያዘ፥ ልብስ የሰፋ፥ እንጨት የቸነከረ፥ ትኬት የሸጠ ሁሉ ይቆጠርለታል።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ከእኛ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» የሚል ይኖራል። ነገሩን ከራሳችን ታሪክ ጋራ እናስተያየው። የሀገራችን ዘመናዊ ቴአትር ብዙውን ጊዜ በተማሪ ትከሻ ላይ ነው ያደገው። ከመቶ ዓመት በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር እየተባለ የሚጠቀሰውን «ፋቡላ»ን ከጻፉ በኋላ፥ መምህርና ደራሲ የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ቴአትራቸውን በትምህርት ቤት ተማሮች ያሠሩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ አዳራሽ ተከፈተ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹ መግቢያ ደግሞ የቴአትር ጥበባት የትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ መንግሥቱ ለማም ካስተማሩበት አንዱ ናቸው። ተስፋዬ ገሠሠ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕግ ሲማሩ በተማሮች መድረክ ላይ ታይተው ነው ወደ አሜሪካ፥ ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፥ ቴአትር እንዲያጠኑ የተላኩት። እንግዲህ የተማሮች መድረክ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከላይ የጠራኋቸው ሁሉ ደራስያን፥ አዘጋጆችና ተዋንያን ናቸው። በእነዚያ ቴአትሮች መጋረጃውን የሳበው ማን ነበር? ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ከጨለማ ውስጥ ሆኖ ያስታወሰው ማን ነበር? ካባውን ከየዘመዱ ለምኖ ያመጣው፥ ሲያልቅም አጥቦ የመለሰው ማን ነበር? ስማቸውን አናውቅም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን፤ የእነዚያ ሰዎች ድካም በቃል ብቻ ስለ ነበረ ተረሳ። የክብር ማኅበራችን ይህንኑ መርሳት የሚደግም ከሆነ ባይቋቋም ይሻላል።

አንድ የሁለት ሰዓት ቴአትር ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ልብ እንበል። ጥናቱ ስድስት ሳምንት ቢወስድ፥ በሳምንት አምስት ማታ፥ በማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጠና፥ ስልሳ ሰዓት ይሆናል። ተዋናዩ የእርሱ ትዕይንት በማይጠናበት ማታ ሊቀር ይችላል፤ የመድረክ አስተዳዳሪው ግን አንድም ቀን አይቀርም። እርሱ ከሁሉ በፊት መጥቶ በር ያስከፍታል፥ ከሁሉ በኋላ መብራት አጥፍቶ ይወጣል። ጥናቱ ሲያልቅ የመብራትና የድምፅ ሠራተኞች ሥራ ይጀምራል፤ ሽቦው ይዘረጋል፥ መሰላሉ ይቆማል፥ አንዱ አምፖል ይቃጠላል፥ ሌላው ይፈለጋል። ልብስ የሚያዘጋጁት እኅቶቻችን ደግሞ ፈተና በደረሰበት ሳምንት መርፌና ክር ይዘው ያመሻሉ። በመጨረሻው ማታ ሕዝቡ ስምንት ሰው አይቶ ለስምንት ሰው ያጨበጭባል፤ በሥራው ላይ የነበረው ግን ሃያ አምስት ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት በአዳራሻችን በታየው ቴአትር ይህንኑ አየን። ተዋንያኑ ሰገዱ፥ አበባ ተሰጣቸው፥ ይገባቸዋልም። ዲኮሩን የሠሩት ልጆች ግን በዚያው ሰዓት ከኋላ ሆነው ለነጋታው ስብሰባ መድረኩን ያጸዱ ነበር። በታተመው የፕሮግራም ወረቀት ላይም ስማቸው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ መዝገብ በሌለበት ቦታ ክፉ አሳብ ባይኖርም እንኳ ግፍ እንደሚሠራ ለማስረዳት ነው።

ስለዚህ በአራተኛው አንቀጽ ፈንታ የሚከተለው እንዲተካ አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ አባልነት በነጥብ ይሁን። ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ ለተጫወተ 10፥ ለመካከለኛ ድርሻ 6፥ ለአነስተኛ 3 ነጥብ ይሰጥ። ለአዘጋጅ፥ ለመድረክ አስተዳዳሪ፥ ተውኔቱ ለሕዝብ ለታየለት ተማሪ ደራሲም ለእያንዳንዳቸው 12 ይሁን። መብራትና ድምፅ፥ አልባሳት፥ ዲኮር ለያዙ 8 ይሰጥ። ትኬት ለሸጡ፥ ወንበር ለደረደሩ፥ ማስታወቂያ ለለጠፉ 4 ይሁን። አርባ ነጥብ የሞላ ተማሪ፥ በትምህርቱ እስካልወደቀ ድረስ፥ ያለ ማንም ቸርነት አባል ይሁን። ይህ ልክ ብዙ ነው ወይም ጥቂት ነው የሚል ካለ ቁጥሩን መለወጥ ይቻላል፤ መቆጠሩ ግን አይቅር።

ሁለተኛ፥ ተዋናይ የሆነ ሁሉ ከአርባው ቢያንስ አሥሩን ከመጋረጃ ኋላ በሚሠራ ሥራ ያግኝ። ከመጋረጃ ኋላ የሚሠራው ግን እንዲጫወት አይገደድ። «ይህ አድልዎ ነው» ይባል ይሆናል። አይደለም። መድረክ ላይ ወጥቶ መናገር ለሁሉ አልተሰጠም፤ መጥረጊያ ማንሣት ግን ለሁሉ ተሰጥቷል። አንድ ማታ መሰላል ተሸክሞ ያመሸ ተዋናይ በማግስቱ መብራት የያዘውን ልጅ አይጮህበትም።

ሦስተኛ፥ መዝገቡን የመድረክ አስተዳዳሪው በየጥናቱ ያስፈርም፤ ቴአትሩ ታይቶ ባለቀ በአንድ ሳምንት ውስጥም የነጥቡ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ተበደልሁ የሚል በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመምህር አማካሪውና ለተማሮች ማኅበር ተወካይ ያመልክት።

ይህን አሳብ በቃል ለጓደኞቼ ሳነሣ ሦስት ተቃውሞ ገጥሞኛል። ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው፥ «ቴአትር የፍቅር ሥራ ነው፤ ነጥብ ሲቆጠር ፍቅሩ ይጠፋል፥ ሰው ለነጥብ ብቻ ይመጣል» የሚል ነው። እውነት ነው፥ ለነጥብ ብቻ የሚመጣ ይኖራል። ነገር ግን ዛሬስ ሰው ለምን ይቀራል? ፍቅር አጥቶ ነውን? ከአንደኛ ዓመት ተማሮች ብዙዎቹ በጥቅምት በፍቅር መጥተው በጥር የሚጠፉት ድካማቸውን የሚያይላቸው በማጣታቸው ነው። ለነጥብ ብሎ መጥቶ ሚስማር ያቀበለ ልጅ ደግሞ በሦስተኛው ማታ ሥራውን ሊወደው ይችላል፤ ጨርሶ ያልመጣው ግን የሚወድበት ዕድል የለውም።

ሁለተኛው፥ «ጥበብ በሰዓት አይለካም፤ አርባ ነጥብ የሞላ ሰነፍ ተዋናይ ከሃያ ነጥብ ባለ ስጦታ ሊቀድም ነውን?» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። መልሴ ሁለቱን ክብሮች እንለያቸው የሚል ነው። ለስጦታ ሽልማት ይሰጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ መምህራንና ተማሮች ያሉበት የዳኞች ጉባኤ ተቀምጦ የዓመቱን ምርጥ ተዋናይ፥ ምርጥ ድርሰት፥ ምርጥ ዲኮር ይሸልም፤ ዳኛ ሊሳሳት ይችላል፥ ሁሉም ያን ያውቃል። የማኅበሩ አባልነት ግን ለድካምና ለታማኝነት ይሁን። ስጦታን ሕዝቡ ራሱ በጭብጨባው ያከብረዋል። ታማኝነትን ግን መዝገብ ካላከበረው ማንም አያከብረውም።

ሦስተኛው፥ «ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ነው። የግሪክ ፊደል ስም መለጠፍ፥ ካባና ሻማ፥ ምስጢራዊ ቃለ መሐላ አያስፈልገንም፤ በዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ነኝ። ነገር ግን መዝገብ መያዝና ስም መጥራት ከውጭ አልመጣብንም። እናቶቻችንና አባቶቻችን በዕድራቸው ያደርጉት የለምን? ጸሐፊው ስም ይጠራል፥ በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል፥ ገንዘብ ያዡ በጠቅላላ ስብሰባ ሒሳብ ያቀርባል። ድንኳን የተከለው ይታወቃል፥ ድስት የተሸከመው ይታወቃል። ሀብታምም ቢሆን «እኔ ለዕድሩ ክብር ነኝ» ብሎ ከሥራ አይቀርም። እንግዲህ የምንፈልገው የቴአትር ዕድር ነው ብንል ከእውነቱ አልራቅንም።

ስለ ሁለት ወገኖች ደግሞ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። አንዱ የሴት ተማሮች ጉዳይ ነው። ጥናታችን ሁሉ በማታ ነው፤ ብዙ እኅቶቻችን ደግሞ አምሽቶ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ቤት መመለስ ይከብዳቸዋል፤ ምክንያቱን ለመዘርዘር እዚህ ላይ ቦታ አይበቃም፥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጥቡ በማታ ሥራ ላይ ብቻ ቢታሰር የክብር ማኅበሩ የወንዶች ማኅበር ይሆናል። ስለዚህ በቀን የሚሠራው ሥራ፥ ልብስ ማዘጋጀት፥ ተውኔት መገልበጥና ማረም፥ የመድረክ ዕቃ ማሰባሰብ፥ በሙሉ ነጥብ ይቆጠር፤ ከጥናቱም ቢያንስ ሁለቱ ቀን በከሰዓት በኋላ ይደረግ። ሁለተኛው የድኃ ተማሪ ጉዳይ ነው። ረቂቁ የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቃል። አርባ ነጥብ ሞልቶ በገንዘብ እጦት ከበር የሚመለስ ተማሪ ካለ ማኅበሩ የሸጠው ወረቀት ነው እንጂ ክብር አይደለም። ገንዘቡ ከቴአትሩ የትኬት ገቢ ይወጣ፤ የገባውና የወጣው ሒሳብም ከነጥቡ ዝርዝር ጎን ይለጠፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማኅበሩ ጥቅም ምንድን ነው? ለእኔ እንደሚታየኝ ጥቅሙ የምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ማስታወሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቴአትር ከባድ ችግር ሠራተኞቹ በየዓመቱ ተመርቀው መሄዳቸው ነው። መብራት የማሰር ዘዴ የለመደው ልጅ ይመረቃል፤ ተከታዩ ከመጀመሪያ ይጀምራል። የተገለበጠው ተውኔት በአንዱ ሻንጣ ውስጥ ይሄዳል፤ ሌላው ቅጂ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ይቀርና ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዓምና በብዙ ገንዘብ የተሰፋው ልብስ ዘንድሮ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የባለሙያ ቴአትር ቤት መጋዘን አለው፥ ለዓመታት የሚቀመጥ ሠራተኛም አለው። እኛ ያለን ሰው ብቻ ነው፤ ሰውም አያስቀምጡትም።

ስለዚህ ክብር የተቀበለ ተማሪ ግዴታ አብሮ ይቀበል። አባል የሆነ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ ሁለት አዳዲስ ተማሮችን የያዘውን ሙያ ያስተምር። ማኅበሩ የሚታየውን እያንዳንዱን ተውኔት አንድ ንጹሕ ቅጂ፥ ከነመብራቱ ዕቅድና ከነዕቃው ዝርዝር፥ በቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጥ። የልብሱንና የዕቃውን ቁልፍ ይያዝ። በዓመትም አንድ ጊዜ ከዚህ በፊት ተጫውተው የማያውቁ ተማሮች ብቻ የሚሠሩበት አጭር ባለ አንድ ገቢር ቴአትር ያዘጋጅ። ይህን ሁለት ዓመት ያላደረገ ማኅበር ስሙ በተማሮች ማኅበር ውሳኔ ይሰረዝ። ክብር የጡረታ ወንበር አይሁን።

መምህራኖቻችንም አንድ ነገር እንለምናለን። አማካሪ የምትሆኑት መምህር ተውኔት የምትመርጡልን፥ ወይም ጠብ በተነሣ ጊዜ የምትፈርዱልን ብቻ አትሁኑ። መዝገቡን በየወሩ መርምራችሁ ፈርሙ። ተማሪ ከተማሪ ጋራ ባለው ወዳጅነት ነጥብ ሊጨምርለት ይችላል፤ የመምህር ዐይን ካለበት ግን እጁ ይከብደዋል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አራተኛውን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡ። «የቴአትር የክብር ማኅበር ይቋቋም ወይስ አይቋቋም?» ተብለን ስንጠየቅ፥ «ይቋቋም፤ ነገር ግን በመዝገብ» ብለን እንመልስ። ማሻሻያው ተቀባይነት ካላገኘ ረቂቁ ወደ ኮሚቴው ተመልሶ ለአንድ ወር እንዲታይ እንጠይቅ። አንድ ወር ብንዘገይ የሚጎዳ የለም። በወዳጅነት የተጀመረ ክብር ግን አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ የሚነቅለው አይገኝም፤ ነቃዮቹ ራሳቸው የተከበሩት ይሆናሉና።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ